የጅብራ ሜዳ ቃለ ጉባኤ

ቀየት፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ነገሩ የተበላሸው ጥቅምት 21 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ ሦስተኛውን አሜን ሲል ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተባለው ሁሉ ወሬ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ወረቀት ሆነ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አሜን ብያለሁ። አንተም ከኋላ፣ ከተማሪዎቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጠህ ነበር።

ሰላምታዬን ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ጨጓራህስ በጾሙ አልተነሳብህም? እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፤ ከጠበሉ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። እኔም ጤናዬ ደህና ነው። ከጤናዬ በቀር ያለው ነገሬ ግን ደህና አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩህ ኔትወርኩ አስቸግሮኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ደግሞም በስልክ የተነገረ ነገር በኋላ አልተባለም ሊባል ይችላል፤ ይህን የተማርኩት ከጥምረቱ ነው። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ እኔ ዘንድ አለ። የምታውቀውን ነገር ደግሜ የምጽፍልህም ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ብዬ ነው።

ጥምረቱ ሲመሠረት ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም። "ድርና ማግ" የሚለውን ስሙን ሳይ ራሱ ደስ አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን፣ ፋብሪካው ማሽኑን፣ የባህል ሰዎች ልማዱን፣ መንግሥት ፖሊሲውን ይዘው ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የመንዝ በግ ጸጉር ገበያ ያገኛል፤ ከበግ ጸጉር የሚሠራው የባና፣ የብርድ ልብሳችን ሥራ ከእናቶቻችን ጋር አይቀበርም ተባለ። የሥራ ማስታወቂያውን የላክህልኝ አንተ ነህ። አንተ በፖሊሲው ዘርፍ፣ እኔ በባህሉ ዘርፍ ተቀጠርን። እማዬ "ሁለቱም ልጆቼ ካንድ ቤት ገቡ" ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። አሁን ያን ወሬዋን ሰዎቹ ያስታውሷታል።

የዚያን ቀን ዕለቱ ማርያም ስለነበረ ሰው ሥራ አልያዘም፤ ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ነበር። የጥምረቱ ኃላፊ ዶክተር አፈወርቅ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ አሰቅለው በጄኔሬተር ሥዕል አሳዩ። የቀያችን የጋራ ግጦሽ ከሆነው ከጅብራ ሜዳ እኩሌታው ላይ የበግ ማዳቀያ፣ የጸጉር መፍተያ ፋብሪካና ቤተ መዘክር ይሠራል አሉ። "ጥምረታችን አራት እግር ያለው ወንበር ነው" ሲሉ፣ የሜዳው ጠባቂዎች አለቃ አባ ትዕዛዙ ካሉበት ሆነው "ወንበሩስ ይሁን ዶክተር፤ የሚቀመጥበት ማነው?" አሉ። ሰው ሳቀ። ዶክተሩም ስቀው "ሁላችንም ነና!" ቢሏቸው፣ "እንግዲያማ መሰበሩ ነው" አሉ።

ከሳቁ በኋላ ጥያቄ መጣ። ሜዳው ከሐምሌ ጀምሮ ተዘግቶ ጥምቀት ሲያልፍ የሚከፈት መሆኑን፣ የቤታችንን ክዳን ሣር የምናጭድበትም፣ የበልግ ዝናብ ሲከዳን በጎቻችንን የምናተርፍበትም እሱ መሆኑን ሰዎቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። እኩሌታው ሲታጠር የቀረው ማንን ይችላል አሉ። መልሱ "እሱ በጥናት ይታያል" ነበር። መጨረሻ ላይ አባ ትዕዛዙ ተነስተው "እንመካከርበትና እንነግራችኋለን" አሉ። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እጅ ያወጣ ሰው የለም። እጅ አውጡ ያለም የለም።

ከዚያ የደብራችን ቄስ አባ ባስልዮስ እንዲመርቁ ተጠየቁ። አንተ ታውቀዋለህ፤ በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ሳይመረቅ አይበተንም። ባልና ሚስት የተፋቱበት ሽምግልና እንኳ ተመርቆ ነው የሚነሳው። አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው "እንግዶቻችን በሰላም እንደመጣችሁ በሰላም ያግባችሁ" አሉ፤ አሜን አልን። "ከብቱን፣ ሜዳውን ይባርክ" አሉ፤ አሜን አልን። "ያሰባችሁትን መልካሙን ሁሉ ያሳካላችሁ" አሉ፤ አሜን አልን።

በመኪናው ውስጥ ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው "ሕዝቡ ተስማማ ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ኧረ አይደለም፤ ምርቃት ነው። የኛ ሰው የማይወደውንም እንግዳ መርቆ ነው የሚሸኘው" አልኳቸው። ሾፌሩ ሳቀ። አንተ ከፊት ወንበር ተቀምጠህ መንገዱን ታይ ነበር። እኔ ተሳስቼ ቢሆን ታርመኝ ነበር፤ ልክ ብሆን "ልክ ናት" ትል ነበር። ምንም አላልክም። ያን ጊዜ ደክሞህ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጥምቀት አልፎ ሜዳው ሲከፈት ሰው ማጭዱን ይዞ ሄደ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ጠበቀው። በሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ አንድ የጥምረቱ መጽሔት ተላከ። "በማኅበረሰቡ ሙሉ ስምምነት" ይላል። ከሥሩ "የማኅበረሰብ አማካሪ" ብሎ የእኔን ስም ከነአያቴ ጽፎታል። ርእሰ መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡት አሉ።

ከዚያ ወዲህ የቀያችን ሴቶች እስከዳርን አቆላምጠው "እስኩ" ብለው መጥራት ተዉ። "እርስዎ" ይሉኛል። ምንዳዬን ታውቃታለህ፤ አብራኝ ያደገችው፣ ስንት ጊዜ ካንድ ገበታ የበላነው። ምንጭ ዳር አግኝቻት ሰላም ስላት ጎንበስ ብላ "እንደምን ዋሉ? ውሃውንም ሊለኩት መጡ?" አለችኝ። ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። በተወለድኩበት ቀዬ እንደ እንግዳ ከመከበር የከፋ ስድብ አላውቅም።

ወደ ከተማ ተመልሼ በቀጥታ ዶክተር አፈወርቅ ቢሮ ገባሁ። ስለ ሜዳው ሥርዓት ከጻፍኩት ጥናቴ ላይ ቆርጠው የወሰዱትን አሳየኋቸው። እኔ የጻፍኩት "ጅብራ ሜዳ የግል ባለቤት የለውም፤ የሚተዳደረው ሕዝቡ በሚመርጣቸው ጠባቂዎችና በቆየ የመዝጊያና የመክፈቻ ሥርዓት ነው" ብዬ ነው። እነሱ "የግል ባለቤት የለውም" የሚለውን ብቻ ይዘው "ባለይዞታ የሌለው መሬት" አደረጉት። ለአራት ዓመት ከሽማግሌ ሥር ቁጭ ብዬ የሰበሰብኩትን፣ ሽማግሌዎቹን ከመሬታቸው ማስነሻ አደረጉት።

"እስከዳር፣ አንቺ የአካባቢው ልጅ ስለሆንሽ ስሜት ውስጥ ገብተሻል" አሉኝ።

"በጥቅምት የፈለጉኝ የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ አልነበረም?" አልኳቸው።

"እኛ ቃለ ጉባኤ አለን። ሕዝቡ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።"

ሦስት ጊዜ። እዚያው ቆሜ ገባኝ። ዶክተሩ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ አሜኑን የቆጠሩት እሳቸው አይደሉም። አሜንን ወደ ድምፅ የለወጠው ሰው አሜን ምን እንደሆነ የማያውቅ አይደለም፤ አሳምሮ የሚያውቅ ነው። የማያውቅ ሰው ቢሆን "እጅ አወጡ" ብሎ ይዋሽ ነበር፤ እኛም አላወጣንም እንል ነበር። ይህ ሰው ግን አንዳችንም ልንክደው የማንችለውን ነገር መረጠ። አባ ባስልዮስ ፊት ቆሞ አሜን አላልኩም የሚል የመንዝ ሰው ከየት ይመጣል?

ቃለ ጉባኤውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። "የጥምረቱ ሰነድ ነው፤ ለሠራተኛ አይሰጥም" አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ደወልክልኝ። "ትንሽ እማዬ ጋ ሄደሽ እረፊ፤ ነገሩ እስኪበርድ" አልከኝ። አመሰገንኩህ። ከሥራ መታገዴን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰኝ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ ጠዋት የትኛውን ነገር ነበር ይብረድ ያልከኝ? ያኔ አልጠየቅሁህም። አሁን እጠይቅሃለሁ።

የቃለ ጉባኤውን ቅጂ የሰጠችኝ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍልህም። በፌስታል ጠቅልላ እያቀበለችኝ "ከእኔ አልወሰድሽም፤ ከእሷ ነው ብትይ አንቺን አይቼሽም አላውቅ" አለችኝ። ሞላሌ እስክንደርስ አውቶቡስ ውስጥ አልከፈትኩትም። ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ አላውቅማ።

አርባ አምስት ስም አለበት። በጥምረቱ ደንብ ከተሰብሳቢው ሲሶው ሴት ካልሆነ ስብሰባው አይጸናም። ደንቡን ያረቀቀው የአንተ ዘርፍ ነው፤ መልካም ደንብ ነበር፣ ሲወጣ አጨብጭቤለታለሁ። የዚያን ቀን የመጡትን ሴቶች በር ላይ ቆሜ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ናቸው። ወረቀቱ ላይ አሥራ አምስት አሉ። አንዲት ሴት ስብሰባው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ላይ መጥታለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅጂውን ይዤ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድኩ። እማዬም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሳርፍ ነበር። አባ ትዕዛዙ አይተውኝ "የተማሩት ወይዘሪት መጡ፤ ቦታ ልቀቁላቸው" አሉ። ስሞቹን ላነብላችሁ ነው ብላቸው፣ "ያንብቡልን እንጂ! ብቻ አሜን እንዳንል ይጠንቀቁልን፤ የቀረው ሜዳ ግማሽ ነው" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፍ ላይ ብቻ ነበር።

እያነበብኩ ሄድኩ። በየስሙ "አለሁ"፣ "አለች"፣ "ገበያ ሄዷል" ይላሉ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ "ወለተጊዮርጊስ አበጀ" ብዬ አነበብኩ። ዝም አሉ። አበጀ የሚባል አባት በየቀዬው አለ፤ ወለተጊዮርጊስ የምትባል ሴት ግን ማንም አያውቅም። "ከጊሼ የተዳረች ትሆን?" አለ አንዱ። "የሞተች ትሆናለች፤ ለእነሱ የሞተም ይፈርማል" አሉ አባ ትዕዛዙ።

ያን ጊዜ እማዬ ከድንጋዩ ላይ ሳትነሳ "እኔ ነኝ" አለች።

አገር የሚያውቃት ጥሩሸዋ ብሎ ነው። እኔ ልጇ እንኳ የክርስትና ስሟን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። እሷ እንደ ድሮ ሰው ናት፤ የክርስትና ስም ለክፉ ሰው ጆሮ አይደርስም ብላ ደብቃ የኖረች። ቅጂውን ተቀበለችኝና ከስሟ ጎን ያለውን የጣት አሻራ ለረጅም ጊዜ አየችው። አውራ ጣቷን አጠገቡ አስቀመጠች። የሷ ከግማሹ አይበልጥም። "ይኼ መስመር መስመር አለው" አለች። "የኔንማ ጣት እንዝርት በልቶ ጨርሶታል፤ ለመታወቂያ ሦስቴ አስነክረው አልወጣ ብሏቸዋል። ደግሞ ጥቅምት 21 እኔ ራቤል ማዶ ጠበል አልነበርኩም? ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ጽዮን!"

ጠበል ማን እንዳደረሳት ላንተ መጻፍ አያስፈልገኝም።

አባ ትዕዛዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው "ነይ ተቀመጪ፣ እስኩ" አሉኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እኔ እንደማልወድ ታውቃለህ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አባ ባስልዮስን ነው። ንስሐ አባቷ ናቸው፤ ስሟን የሚያውቅ ሌላ ሰው በልቤ አልመጣም። ወይም እንዳይመጣ ከልክዬው ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ እንደ መርማሪ ጠየቅኋቸው። ሳይቆጡ አዳመጡኝ። "ልጄ፣ ጥቅምቱን ሙሉ በቅዳሴ ስሟን አንስቼ ጸልዬላታለሁ፤ ጠበል ላይ ነች፣ ማራት እያልኩ። እዚህ ስብሰባ ላይ ነበረች ብዬ ልጽፍ?" አሉኝ። አፈርኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

"ከእርስዎ ሌላ ይህን ስም ማን ያውቃል?" አልኳቸው።

"ጠበል ቤት ሲገባ የሕመምተኛው የክርስትና ስም ይጠየቃል። ያመጣው ሰው ያስመዘግባል" አሉ።  ልወጣ ስነሳ በር ድረስ ሸኙኝና "ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ። 

እኔ የቃለ ጉባኤውን ጸሐፊ ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጽፍም። ወረቀቱም ላይ ስሙ የለም፤ "ጸሐፊ" ተብሎ ፊርማ ብቻ ነው ያለው፤ ፊርማውም ማንም የሚጭረው ዓይነት ነው። የማውቀውን ግን ልንገርህ። ጸሐፊው ለምን ያንን ስም እንደመረጠ አውቃለሁ። የሌላ ሰው ስም ቢጽፍ ባለቤቱ ይጮኽበታል። ይህን ስም የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ የስሙ ባለቤትም ወረቀት እንደማታነብ ያውቃል። ብታውቅ እንኳ እንደማትከሰው ያምናል። በእሷ ፍቅር ላይ ነው የተማመነው። 

ውለታህን የረሳሁ እንዳይመስልህ። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሊድሩኝ ሲማከሩ ከከተማ በእግርህ መጥተህ "ይቺ ልጅ ትማራለች" ብለህ ሽማግሌዎቹን የመለስክ አንተ ነህ። ሞላሌ በተከራየሃት አንዲት ክፍል አልጋውን ለእኔ ለቀህ መሬት ተኝተሃል። ፈተና ሲደርስ ሽሮውን ራስህ ሠርተህ "አንቺ አንብቢ" ትለኝ ነበር። እኔ ማንበብ የቻልኩት ባንተ ነው። አሁን ያነበብኩትን አላነበብኩም በይ የምትለኝ ከሆነ፣ ያኔ ለምን አስተማርከኝ?

እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከእንዝርቷ አልተነሳችም። ትፈትላለች፣ ትጸልያለች፣ ትፈትላለች። ትናንት "የሜዳውን አቤቱታ ለወረዳው መቼ ነው የምታስገቢው?" አለችኝ። ሰኞ፣ መጋቢት 22 አልኳት፤ የመሬቱ ርክክብ የሚፈረመው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። አባ ትዕዛዙና አሥራ አራቱም ሴቶች አብረውኝ ሊሄዱ ነው። ምንዳዬም አለችበት። እማዬ "እኔም እመጣለሁ" አለች።

"እማዬ፣ ጠበል ነበርኩ ብለሽ ከመሰከርሽ ጸሐፊውን ይጠይቁታል። ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ?" አልኳት።

እንዝርቷን አስቀመጠች። "እኔ ስሜን ለእግዚአብሔር ነው ያስቀመጥኩት። በዚያኛው ቀን ሲጠራኝ 'ጅብራ ሜዳን የሸጠችው' ብሎ እንዲጠራኝ አልፈልግም" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ላንተ እንድጽፍ ያዘዘችኝን ልንገርህ። ጉልበቷ እንደተሻላት ንገሪው ብላለች። ላንተ ብላ የጀመረችው ባና አልቋል። በሰው እጅ ልላከው ብላት "አይሆንም፤ ራሱ መጥቶ ይውሰድ" አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም።

እስከ ሰኞ አራት ቀን አለ። ጸሐፊው ራሱ መጥቶ በሕዝቡ ፊት "ይህ ስም የተጻፈው የስሙ ባለቤት ሳትኖር ነው፤ አሜኑም ምርቃት ነበር" ቢል፣ ይህ ሕዝብ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ይቆጣል፣ ይሰድባል፣ ያስምላል፤ ከዚያ ያስታርቃል። ባይመጣም እኛ እንሄዳለን።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ አባታቸውም አያሳፍራቸው። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስህ። ይህን የምመርቅህ ከልቤ ነው፤ እኔ ምርቃትን ለሌላ ነገር አልጠቀምበትም።

ከእንግዲህ ግን የማልቀበለውን እወቅልኝ። "ለእማዬ ስትዪ ዝም በይ" መባልን አልቀበልም፤ እማዬ ራሷ ዝም አላለችም። "ለልማት ነው" መባልን፣ ስሜን ሳልጠየቅ ከማንም ወረቀት ሥር ማግኘትን አልቀበልም። ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብለው ቢጠሩኝም ችካሉ ሳይነቀል አልገባም። ያሳደገኝ ሰው ቢሆን እንኳ፣ እኔ ያላልኩትን ብለሻል እንዲለኝ፣ እናቴን በሌለችበት እንዲያቆምብኝ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አልፈቅድም።

ታናሽ እህትህ